ጡሩምባው ለሴት ልጆቻችንም ይነፋ

በእኛ ሰፈር ሰው ሲሞት የሚሆነውን ሁላችንም እናውቃለን። ገና ሳይነጋ ጡሩምባ ነፊው በየቅያሱ ይዞራል፤ የሟቹን ስም፣ የለቅሶውን ቤት፣ የቀብሩን ሰዓት ይለፍፋል። ፀሐይዋ ሳትበረታ ድንኳኑ ተተክሏል፣ አግዳሚው ተደርድሯል፣ ትልቁ ድስት ከእድር ቤት ወጥቶ ተጥዷል። «ምን አገባኝ» የሚል የለም፤ የቀረ ይቀጣል። ሲዳማው፣ ወላይታው፣ አማራው፣ ጉራጌው፣ ኦሮሞው፣ ከምባታው፣ ቤተ ክርስቲያን የሚሄደውም መስጊድ የሚሄደውም አንድ ድንኳን ውስጥ ትከሻ ለትከሻ ይቀመጣል። ሐዋሳ ምሥራቅ ክፍለ ከተማ ስኖር ከሁሉ በላይ የምኮራበት ይህ ነው።

እኔ የአንዱ እድር ጸሐፊ ነኝ። መዝገቡን ስገልጥ ማን መቼ እንደሞተ፣ ለቀብሩ ስንት ብር እንደወጣ፣ ማን ቀርቶ ስንት እንደተቀጣ በየመስመሩ ሰፍሯል። የትኛዋ ልጃችን ከትምህርት ቤት እንደቀረች ግን የትም አልተጻፈም።

ከቤቴ ፊት ለፊት ባለው ግቢ አንዲት ልጅ ነበረች። ከገጠር ስትመጣ አሥራ አንድ ወይም አሥራ ሁለት ዓመት ቢሆናት ነው። «ላስተምራት ነው ያመጣኋት» ተባለ፤ እውነትም በመጀመሪያው ዓመት ዩኒፎርም ለብሳ ደብተሯን ታቅፋ ስትወጣ አይቻታለሁ። በሁለተኛው ዓመት በቤቱ ሕፃን ተወለደ። «እስቲ ልጁ ዳዴ እስኪል» ተባለ። ልጁ ዳዴ አለ፣ ቆመ፣ ሮጠ፤ እሷ አልተመለሰችም። ጠዋት ሁለት ሰዓት ሲል፣ የትምህርት ቤቱ ደወል እየተሰማ፣ ቢጫ ጄሪካኗን ይዛ ቧንቧው ጋ ተራ ትጠብቃለች። የምትለብሰው ያንኑ የዩኒፎርም ሹራብ ነበር። ክርኑ ላይ ተቀዶ በሌላ ቀለም ክር ተሰፍቷል። «እንደምን አደርሽ?» እላታለሁ። «እግዚአብሔር ይመስገን፣ እትዬ» ትለኛለች። አልፋለሁ።

እንዲህ ስንለዋወጥ ዓመት ሞላን። በዚያ ሁሉ ጊዜ «ለምን ክፍል አልገባሽም?» ብዬ አንድ ቀን አልጠየቅኋትም። የሰው ቤት ነው፣ የሰው ጉዳይ ነው ብዬ። ከዕለታት አንድ ቀን ጄሪካኑን ሌላ ሰው ይዞት አየሁ። «ወደ አገሯ ሄደች» አሉን። ለምን እንደሄደች የነገረን የለም፤ የጠየቀም የለም። ያቺ ልጅ ሞታ ቢሆን ኖሮ ጡሩምባ ይነፋላት ነበር፤ ድንኳን ይተከልላት ነበር፤ እኔም ስሟን በመዝገቤ እጽፈው ነበር። በሕይወት እያለች ከመካከላችን ስለጠፋች ግን እድራችን አላወቃትም።

ይህን የምጽፈው ለእናንተ ለጎረቤቶቼ ነው፤ ለእድር ዳኞቻችን፣ ለእናቶች፣ ለአባቶች፣ ቤት ለምታከራዩ፣ በሽማግሌ ወንበር ለምትቀመጡ። ሴት ልጅ ማሳደግ የእናቷና የአባቷ ብቻ ሥራ ሆኖ የቀረበት ዘመን ይብቃን። እድራችን ለሞት የሚነሳውን ያህል ለሴት ልጆቻችን ይነሳ።

«እድር የተቋቋመው ለቀብር ነው» የሚል መልስ እንደሚመጣ አውቃለሁ። ግን ኤች አይ ቪ በየቤቱ በገባበት በዚያ ክፉ ዘመን በአዲስ አበባም በሌሎች ከተሞችም ብዙ እድሮች ደንባቸውን አሻሽለው አልጋ ላይ የዋለውን ማስታመም፣ ወላጅ ያጣውን ልጅ መደገፍ ጀምረው ነበር። ሰው ከሞተ በኋላ ከምንቀብረው ሳይሞት እንድረስለት ብለው ነው። እድር ሰው የሠራው ነገር ነው፤ ሰው ሊያሰፋውም ይችላል።

ጉዳዩ ለምን የጋራ መሆን እንዳለበት ከእኛ ብዙም የማይርቁት ከምባታዎች አሳይተውናል። ቦጋለች ገብሬ እዚያ ገጠር ውስጥ ተወለደች። በልጅነቷ ውኃ ልቅዳ ብላ እየወጣች በድብቅ ፊደል የቆጠረች ናት። ትምህርቷ እስከ ኢየሩሳሌም፣ እስከ አሜሪካ ወሰዳት። ተመልሳ መጥታ እ.ኤ.አ. በ1997 ከእህቷ ከፍቅርተ ጋር «ከምባቲ ሜንቲ ጌዚማ»ን መሠረተች፤ የከምባታ ሴቶች በአንድነት እንደ ማለት ነው። ቦጋለች ስትመጣ ልታስቆመው ስለምትፈልገው የሴት ልጅ ግርዛት በቀጥታ አልሰበከችም። «ምን ያስፈልጋችኋል?» ብላ ጠየቀች። ሰዉ ድልድይ አለ፤ ልጆቻችን ወንዝ ተሻግረው የሚማሩበት፣ ለገበያ የምንሄድበት። ድልድዩ ተሠራ። ከዚያ በኋላ ነው ወንዱም ሴቱም፣ ሽማግሌውም ወጣቱም ተሰብስቦ መነጋገር የጀመረው። በወራት የሚቆጠር ንግግር ነበር።

ከዚያ ንግግር የወጣውን ልብ ብላችሁ እዩልኝ። አብዛኛው አባት ልጁ ስትደማ ማየት ይወድ ስለነበር አልነበረም የሚያስገርዛት። ብቻውን ቢተው ልጁ «ያልተገረዘች» ተብላ ባል ታጣለች፣ ቤተሰቡ መሳለቂያ ይሆናል ብሎ ይፈራ ስለነበር ነው። ጎረቤቱም የሚፈራው ያንኑ ነበር። ሁሉም ሌላውን እየፈራ ሁሉም ያስገርዛል። እንዲህ ያለውን ሰንሰለት አንድ ደግ አባት ብቻውን አይበጥሰውም። በአንድ ቀን፣ በአደባባይ፣ ሁሉም እያየ መበጠስ አለበት። እ.ኤ.አ. በ2000ዎቹ መጀመሪያ በከምባታ ያልተገረዘች ሙሽራ በይፋ ተዳረች። በሠርጓ ዕለት አለመገረዟን የሚናገር ጽሑፍ ይዛ ወጣች፤ ሙሽራውም እሷን በማግባቱ ደስተኛ መሆኑን የሚገልጽ ጽሑፍ ያዘ። በሺህ የሚቆጠር ሰው ታደመ። ሴት ሁሉ ይገረዝ በነበረበት በዚያ አካባቢ ከአሥር ዓመት ገደማ በኋላ የሚገረዙት ልጆች ቁጥር ከመቶ 3 ያህል ብቻ ሆነ። በ2008 ዓ.ም. በተካሄደው የሥነ ሕዝብና ጤና ጥናት በአገር አቀፍ ደረጃ ግን ከ15 እስከ 49 ዓመት ካሉት ሴቶች 65 በመቶው የተገረዙ ነበሩ። ቦጋለች በጥቅምት 2012 ዓ.ም. ዐረፈች። የተወችልን መንገድ ግን ከከምባታዋ ዱራሜ እስከ ሐዋሳ የማይደርስበት ምክንያት የለም።

እንዲያውም መንገዱ እዚሁ የነበረ ነው። የሲዳማ እናቶች «ያካ» የሚሉት ማኅበር አላቸው፤ መሪዋ «ቃሪቾ» ትባላለች። አንድ ባል ሚስቱን፣ ይልቁንም አራስ ሚስቱን ቢደበድብ፣ ቃሪቾዋ ትጠራለች፤ ሴቶቹ ምድጃውንም ላሙንም ትተው፣ በትራቸውን ይዘው ይወጣሉ፤ ሰውዬው ጥፋቱን አምኖ ካሳ እስኪከፍል አይመለሱም። ከተማችን የቆመችው በዚህ መሬት ላይ ነው። የሴት ልጅ በደል የግቢ ውስጥ ጉዳይ ነው የሚለውን ከየት እንዳመጣነው እንጃ እንጂ ከዚህ ምድር አላገኘነውም።

አሁን ወደሚያመው ላምራ። ሴት ልጅ ስትደፈር፣ ስትጠለፍ፣ ወይም በአሥራ አምስት ዓመቷ ልትዳር ስትል በየሰፈራችን ምን እንደሚሆን እንናገር። ከፖሊስ በፊት ሽማግሌ ይደርሳል። «ስሟ ይጠፋል»፣ «የሰፈር ልጅ ነው»፣ «ሁለት ቤት አታፍርሱ» ይባላል። ገንዘብ ይቆረጣል፤ በግ ይታረዳል፤ አፉ ተባብለን እንጨርሰው ይባላል። ልጅቷን የጠየቃት የለም። አባቷ «አይሆንም፣ ሕግ ይፍረደኝ» ቢል እልኸኛ ይባላል፤ ሱቁ ይቀዘቅዛል፤ በበዓል ቀን ደጁን የሚያንኳኳ ያጣል። እሱም እንደዚያ ከምባታዊ አባት ብቻውን ነው።

ሕጉ ግን ከጎኑ ነው። በ1949ኙ የወንጀለኛ መቅጫ ሕግ ጠላፊ የጠለፋትን ካገባት ከክስ ነፃ ይወጣ ነበር። በ1980ዎቹ መጨረሻ በአርሲ አንዲት የ14 ዓመት ተማሪ ተጠልፋ፣ ለማምለጥ ስትል ጠላፊዋን ገድላ ፍርድ ቤት ቆመች። የኢትዮጵያ ሴት የሕግ ባለሙያዎች ማኅበር ጠበቆች ተከራክረውላት በነፃ ተለቀቀች፤ «ድፍረት» የተሰኘው ፊልም የተሠራው በእሷ ታሪክ ላይ ነው። በ1996 ዓ.ም. የወጣው የወንጀል ሕግ ያንን ቀዳዳ ደፈነው። አንቀጽ 587 ጠለፋን ከ3 እስከ 10 ዓመት በሚደርስ ጽኑ እስራት ይቀጣል፤ በኋላ ቢጋቡ እንኳ ወንጀሉ አይሰረዝም። ከ13 ዓመት በታች ያለችን ሕፃን የደፈረ ከ13 እስከ 25 ዓመት ይታሰራል። ለአካለ መጠን ያልደረሰች ልጅ ያገባ ሰውም በአንቀጽ 648 ይጠየቃል። ከእነዚህ አንቀጾች አንዱም «ሽማግሌ ካልተስማማ በቀር» አይልም።

ሕግ መኖሩ ብቻውን እንደማይበቃ ደግሞ እኛ ሐዋሳዎች ከማንም በላይ እናውቃለን። በግንቦት 2015 ዓ.ም. በዚችው ከተማ አንዲት የባንክ ሠራተኛ ከሥራ ወጥታ ተጠለፈች። ሳምንት ያህል አገር በሙሉ ስለ እሷ ሲጨነቅ ሰነበተ፤ በመጨረሻ ተገኘች። የተማረች ናት፤ ሥራ አላት፤ ከተማ መሃል ናት። ስለ እሷ የጮኸውን ያህል ሰው፣ ስለ ቧንቧዋ ልጅ የሚጮኸው ማን ነው?

የሲዳማ አባቶች በሽምግልና ጉባኤያቸው፣ በሶንጎ፣ ሲቀመጡ ከሁሉ አስበልጠው የሚፈሩት ሀላሌን ነው፣ እውነትን። የሽምግልናን ክብር የማከብር ሰው ነኝ። የድንበር ጠብ፣ የብድር ጠብ፣ የባልና የሚስት ኩርፊያ በሽማግሌ ሲበርድ አይቼ አልቅሻለሁ። በልጅ ገላ ላይ የተሠራ ወንጀል ግን እውነቱ ተሸፍኖ በበግ አይታረቅም። ስለዚህ የመጀመሪያው ልመናዬ ይህ ነው፦ እያንዳንዱ እድር በመተዳደሪያ ደንቡ ላይ አንድ አንቀጽ ይጨምር። መድፈር፣ ጠለፋና ያለ ዕድሜ ጋብቻ በሽምግልና አይያዙም፤ እንዲህ ያለ ነገር ለማስታረቅ የተቀመጠ አባል ከለቅሶ እንደቀረ ሰው ይቀጣል፤ ተበዳይዋን ግን እድሩ አጅቦ ሆስፒታል፣ ፖሊስ ጣቢያና ፍርድ ቤት ያደርሳታል። አጅቦ የምለው በምክንያት ነው። ልጅቷ ገላዋን ሳትታጠብ፣ የለበሰችውንም ልብስ ሳታጥብ ቶሎ ሐኪም ዘንድ መድረስ አለባት፤ ከኤች አይ ቪ የሚከላከለው መድኃኒት በ72 ሰዓት ውስጥ ካልተጀመረ አይጠቅማትም። ሽማግሌ ሦስት ቀን ሲመላለስ የሚያልፈው ሰዓት ይህ ነው። ከሆስፒታሉ በር እናቷ ብቻዋን ከምትቆም አሥር ነጠላ የለበሱ የእድር ሴቶች አብረዋት ቢቆሙ፣ አቤቱታ የሚቀበለውም ሰው ነገሩን አቅልሎ አያየውም።

ሁለተኛው ልመናዬ ወደየቤታችን ይገባል። «ላስተምራት» ብለን ከገጠር ያመጣናቸው ልጆች ስንት ናቸው? የአሠሪና ሠራተኛ አዋጁ፣ ቁጥር 1156/2011፣ ከ15 ዓመት በታች ያለ ልጅ መቅጠርን ይከለክላል፤ የቤት ሠራተኛን ግን አይሸፍንም። ሕጉ በራችን ላይ ይቆማል። እንግዲህ ከበሩ ወዲህ ያለው ሕግ እኛው ነን። መስከረም ሲጠባ የእድር ጸሐፊዎች ከመዋጮው ደብተር ጋር አንድ ሌላ ደብተር ይዘን እንዙር። በእያንዳንዱ ግቢ ለትምህርት የደረሰች ሴት ልጅ አለች? ተመዝግባለች? የቤት ልጅ ናት ወይስ የመጣች? ቀኑ አልመች ያላት የማታ ትገባለች፤ ሕፃን የምትይዝ ካለች ሰዓቱን እንከፋፈላለን። ጥር ላይ ደግሞ እንመለሳለን፤ ልጆች ዓመቱ መሃል ላይም ይቀራሉና። እኔ የቧንቧዋን ልጅ ያጣኋት ደብተር ስላልነበረኝ አይደለም፤ መጠየቅ ነውር ስለመሰለኝ ነው። እድሩ ሁሉንም ቤት እኩል ከጠየቀ ነውሩ ይቀራል፤ «እነ እትዬ እኔ ቤት ብቻ መጡ» የሚል አይኖርም።

እናንተ ቤት የምታከራዩ ደግሞ ስሙኝ። የሐዋሳ ኢንዱስትሪ ፓርክ በሐምሌ 2008 ዓ.ም. ሲመረቅ ከሲዳማ፣ ከወላይታ፣ ከጌዴኦ፣ ከየገጠሩ ልጆቻችን ጎረፉ። በደህናው ጊዜ ከ30 ሺህ በላይ ሠራተኛ ነበረው፤ አብዛኞቹ ወጣት ሴቶች ናቸው። የመጀመሪያው የመነሻ ደመወዝ በወር 750 ብር ገደማ ነበር፤ አገራችን ለግል ድርጅት ሠራተኛ የወሰነችው ዝቅተኛ ደመወዝም አልነበረም። ስለዚህ አራትና አምስት ሆነው አንድ ክፍል ይከራዩ ነበር። በ2014 ዓ.ም. አሜሪካ ምርታችንን ያለ ቀረጥ ከምታስገባበት ከአጎዋ ስታስወጣን ትልልቆቹ ገዢዎች ሸሹ፤ ብዙ ልጆች ኪራዩ ሳይቆምላቸው ደመወዛቸውን አጡ። የት እንደገቡ የጠየቀ አከራይ ጥቂት ነው። ዛሬም ከሽፍት ወጥተው በጨለማ ቅያስ በፍጥነት ሲራመዱ፣ ቁልፋቸውን ገና ከሩቁ በእጃቸው ጨብጠው ሲመጡ ታዩአቸዋላችሁ። እያንዳንዳችን በአጥራችን ላይ አንድ አምፖል እናብራ፤ የመፀዳጃ ቤቱን መቀርቀሪያ ከውስጥ እንጠግን፤ በሥራ ማጣት ወር ኪራይ አንጨምር። ልጆቹንም ወደ እድር እናስገባቸው። ተከራይ ናቸው ብለን እንዳንተዋቸው፤ እናታቸው ሩቅ ናት፣ ቢታመሙ የሚያስታምማቸው ጎረቤት ነው።

አባቶች፣ ለእናንተ የምለው አጭር ነው። ሎዛ አበራን ታውቋታላችሁ፤ የሴቶች ብሔራዊ ቡድናችን የሉሲዎቹ አጥቂ። ዱራሜ ተወለደች፤ እዚህ ለሐዋሳ ከተማ ተጫወተች፤ ከዚያ ደደቢት፣ ከዚያ ስዊድን፣ ማልታ። የተወለደችው ቦጋለች ድርጅቷን ባቋቋመችበት በ1997 (እ.ኤ.አ.) ነው። ሎዛ በተጫወተችበት ከተማ ውስጥ ስንቷ ልጅ ናት ቅዳሜ ከሰዓት ኳስ ይዛ ሜዳ የምትወርደው? ወንድሟ ኳስ ሲያሳድድ እሷ ሽንኩርት ትልጣለች፤ እሱ ሲያጠና እሷ ሳህን ታጥባለች፤ ፈተናው ሲመጣ ግን እኩል እንዲያመጡ እንጠብቃለን። ከዛሬ ማታ ጀምሮ ወንድ ልጃችሁ ሳህኑን ይጠብ። ከዚያ እሷ በየቀኑ አንድ ሰዓት ታገኛለች። በወር ሲደመር ሠላሳ ሰዓት ነው። «ሴት ብታውቅ በወንድ ያልቅ» የሚለውን አባባልም ከቤታችሁ አውጡት፤ ልጃችሁ ሰምታው ቀስ ብላ ታምነዋለች።

እናቶች ደግሞ ዕቁብ እንጠጣለን። ከዕቁባችን ጥቂት ብር እያነሳን የወር አበባ መጠበቂያ ገዝተን ለሰፈራችን ትምህርት ቤት እናስቀምጥ፤ በወር ሦስት አራት ቀን የምትቀር ልጅ በዓመት ስንት ቀን እንደምታጣ አስሉት። መቀሌ ላይ ፍሬወይኒ መብራህቱ እየታጠበ እስከ ሁለት ዓመት የሚያገለግል መጠበቂያ ሠርታለች፤ በ2019 (እ.ኤ.አ.) ሲ ኤን ኤን የዓመቱ ጀግና አድርጎ የመረጣት ለዚህ ሥራዋ ነው። ከዕቁባችን የምናነሳው ገንዘብ ከአንድ ለቅሶ ወጪ አይበልጥም።

የእድራችን ወርሃዊ ስብሰባ እሑድ ከቅዳሴ በኋላ ነው። ዳኛችን ሂሳቡን ካሰሙ በኋላ «ሌላ ሐሳብ ያለው?» ብለው ይጠይቃሉ፤ ብዙ ጊዜ ዝም ተብሎ ይበተናል። በሚመጣው እሑድ እጄን አወጣለሁ። አዲሱን አንቀጽ ጽፌ ይዤዋለሁ፤ ሁለተኛውንም ደብተር ገዝቼዋለሁ፤ የመጀመሪያው መስመር ለዚያች ልጅ ባዶ ተትቷል። እናንተም በየእድራችሁ እጃችሁን አውጡ። ጸሐፊ የሆናችሁ ደብተሩን ግዙ፤ ዳኛ የሆናችሁ አንቀጹን ለድምፅ አቅርቡት፤ ጡሩምባውን የምትነፉ ወንድሞቻችን ደግሞ መስከረም ሊጠባ አንድ ሳምንት ሲቀረው በየቅያሱ ዙሩልን፤ «ልጆቻችሁን አስመዝግቡ፣ የመጣችውንም ልጅ አስመዝግቡ» እያላችሁ።